የበቅሎ መንገድ በብስክሌት፤ ከቢቸና እስከ ሞጣ

መነሻ

ከቢቸና የወጣነው ሦስት ሆነን ነው። እኔ በብስክሌት፣ አጎቴ ጋሼ ፈንቴ በበቅሎ፣ ሦስተኛዋ ራሷ በቅሎዋ፤ ስሟ ዳማ ነው። ኅዳር ገብቶ ጭቃው ደርቋል፣ ጤፉ መንጣት ጀምሯል፣ ጠዋት ጠዋት ጣት የሚያደነዝዝ ብርድ አለ። መንገዱ ሁሉ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነውና መንገደኛ የሚፈራው ውሻና መኪና ብቻ ነበር። ውሻውን በዱላ፣ መኪናውን በመሸሽ ልናልፍ ተስማምተን ተነሳን።

ለጠየቀን ሁሉ የምንናገረው፣ ሞጣ እናቴ ቤት ለኅዳር ሚካኤል ማኅበር እንደምንሄድ ነበር። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ብስክሌቴ ነው። እኔ ሞጣ የምሄደው ብስክሌቴን ላተርፍ ነበር።

ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። በቢቸና ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎችን እየዞርኩ ከብት አክማለሁ። ገበሬዎቹ «ሐኪም» ይሉኛል፤ ከብቶቹ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። መድኃኒቴን ከኋላ ጭኜ በብስክሌት ነበር የምዞረው። ባለፈው ዓመት ከከተማው መውጫ፣ አስፋልቱ ላይ፣ አንድ የጭነት መኪና በጎኑ ገፋ አድርጎ ቦይ ውስጥ ጣለኝና የትከሻዬ አጥንት ተሰበረ። እናቴ ወሬውን ሰምታ ከሞጣ ስትመጣ ባዶ እጇን አልመጣችም፤ የንስሐ አባታችንን አባ ኪዳኑን ይዛ መጣች። ክንዴ በጨርቅ ታስሮ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ አባ መስቀላቸውን አውጥተው ከእንግዲህ ብስክሌት ላይ እንዳልወጣ ገዘቱኝ። ምክር ቢሆን በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው ባፈሰስኩት ነበር። ግዝት ግን ግዝት ነው።

ከዚያ ወዲያ በእግሬ ሆነ። አንዲት የታመመች ላም ለማየት ግማሽ ቀን እጓዛለሁ፤ ስደርስ ላሚቱ ወይ ድናለች ወይ ታርዳለች። ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ስገባ ስወጣ ያየኛል። የጎደለብኝ ሥራው ብቻም አልነበረም። ማለዳ በጥርጊያው መንገድ ላይ ነፋሱ ሻሼን ሲያርገበግበው የሚሰማኝ ደስታ ነበር፤ እሱን በእግሬ ሄጄ አላገኘሁትም።

ከብዙ ልመና በኋላ አንድ ማታ እናቴን በስልክ ያዝኳት።

«እማዬ፣ የሰበረኝ እኮ መኪና ነው እንጂ ብስክሌት አይደለም።»

«መኪና የሌለበት መንገድ የት አለና?»

«የበቅሎ መንገድ አለ።»

ዝም አለች። እናቴ ዝም ካለች ወይ ተቆጥታለች ወይ ነገር እያወጣች እያወረደች ነው። «እንግዲያው ከቢቸና ሞጣ ድረስ በበቅሎ መንገድ ነይ» አለች። «አንዲት ክንድ እንኳ አስፋልት ላይ ሳትነጂ ከደረስሽ አባ ይፈቱሻል፤ ከመኪና መንገድ ውጭ እንደ ልብሽ ትነጃለሽ። ከነዳሽበት ግን ብስክሌቱ ላክስትሽ ልጅ ይሰጣል። ዳግመኛ ስሙን አታነሺብኝም።»

«እሺ።»

«በቃልሽ ብቻ አይደለም። ምስክር ይዘሽ ነው የምትመጪ። ምስክርሽ ወንድሜ ፈንቴ ነው።»

አባ ኪዳኑም ለዚህ አንድ ጉዞ ብቻ ፈቀዱልኝ።

ምስክር አመራረጧን ልብ በሉልኝ። ጋሼ ፈንቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በጉልምስናቸው ከቢቸና ሞጣ ቅቤ በበቅሎ እየጫኑ የነገዱ፣ ሰባ ዓመት የተጠጉ ቀጭን ሰው። በአንድ የድንበር ክርክር በገዛ አማቻቸው ላይ እውነቱን መስክረው፣ አማቻቸው እስከ ዛሬ ያኮርፋቸዋል። እናቴ የመረጠቻቸው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ መንገዱን ያውቁታል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። «ያንን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ» ብለውኛል። ዓይናቸውን ገልጠውም እንዳስቸገራቸው በኋላ እነግራችኋለሁ።

ዳማና ብስክሌቱ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ ከኋላዬ ያሰርኩት ጭነት ገና ከከተማው ሳንወጣ ተበተነ። በሶው፣ ቆሎው፣ መንፊያው፣ ትርፍ የጎማ ከመነዳሪው ሁሉ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ጋሼ ከበቅሎ ሳይወርዱ ቁልቁል አይተውኝ፣ «ይኼ ነገር አንቺን ነው የሚሸከም ወይስ አንቺ እሱን?» አሉ። እንደገና አሰርኩት፤ በዚህ ጊዜ እሳቸው ወርደው በጭነት አስተሳሰራቸው አጠበቁልኝ። ሞጣ እስክንደርስ አልላላም።

ዳማ ብስክሌቱን አልወደደችውም። እኔ ከኋላ ስሆን ጆሮዋን አጥፋ በጎን በጎን ትሄዳለች። ቁልቁለት ላይ ፔዳል መምታት ሳቆም ደግሞ ጭራሽ ትደነብራለች፤ ያኔ የኋላው ጎማ ጠ-ጠ-ጠ-ጠ እያለ ይንጣጣልና።

«ድምፁ ነው» አሉ ጋሼ። «ከኋላዋ የሚከተላት አውሬ መስሏታል። ከፊት ሁኝላት፣ ምን እንደሆነ ትየው።»

ከፊት ሆንኩ። እውነትም ረጋች። ፀሐይ ሞቅ ሲል ጆሮዋ ቀና፤ ወደ ቀትር ላይ ደግሞ እኔ ቆሜ ውሃ ስጠጣ አፍንጫዋን ወደ ጎማው ዘርግታ አሸተተችው። ከዚያ በኋላ ያንን ጠ-ጠ-ጠ እየሰማች ትከተለኝ ጀመር። ቁልቁለት ላይ እቀድማትና ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ ዳገት ላይ ትቀድመኝና እሷ ግን አትጠብቀኝም።

የጋሼ ሕግ የመጣው የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ሲታይ ነው። እሳቸው ከበቅሎ ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተሳለሙ። እኔ ከብስክሌቱ ላይ ሆኜ አማተብኩና አለፍኩ።

«ነይ ተመለሽ!» አሉኝ። «በቅሎ ላይ ያለ ሰው ቤተስኪያን ሲያይ ይወርዳል፣ ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳል፣ ለቅሶ ሲያይ ይወርዳል።»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ብስክሌት ነው።»

«ተቀምጠሽበታል አይደለም?»

ተመልሼ ወረድኩ። ምሥራቅ ጎጃምን ለሚያውቅ ሰው የዚህ ሕግ ክብደት ይገባዋል። እያንዳንዱ ጉብታ ላይ በጽድና በወይራ የተከበበ ደብር አለ፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ አለ። ከቤተ ክርስቲያኑስ ቶሎ ይታለፋል። ሽማግሌው ግን ደህንነታችንን፣ ዘመዶቻችንን፣ የቢቸናን ገበያና የአዝመራውን ነገር ሳይጠይቅ አይለቅም። ጋሼም «የእህቴ ልጅ ናት፣ የከብት ሐኪም ናት» ብለው ያስተዋውቁኛል፤ በዚያው አንዱ ጥጃ ተቅማጥ ይዞታል፣ የአንዷ ላም ጡት አብጧል። የመጀመሪያው ቀን ጉዞዬ ግማሹ በጎማ፣ ግማሹ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው ያለፈው።

አሮጌው ፒስታ

አስፋልቱ ሲሠራ ጠማማውን እያቀና ነው የሄደው። የቀናው አስፋልት ሆነ፤ ጠማማው አሮጌ ፒስታ፣ የጠጠሩ መንገድ፣ እዚህም እዚያም ተቆርጦ ቀረ። መኪና የማይደርስበት፣ መሐሉ ሣር የበቀለበት፣ ከብትና መንገደኛ ብቻ የሚሄድበት መንገድ ነው። ለመኪና ያለቀለት መንገድ ለብስክሌት ገና መጀመሩ ነው። ኮረኮንቹ ከጎማዬ ሥር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል፤ ግራና ቀኝ ዘግይቶ የተዘራ ኑግ ቢጫ አበባውን እንደያዘ ቆሟል፤ ከርቀት የአጫጆች ድምፅ ይመጣል። የጥሩምባ ድምፅ የለም፣ የጭስ ሽታ የለም። ትከሻዬን ከተሰበረ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ረሳሁት። ማንም በማይሰማኝ ቦታ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ጋሼ ሰምተውኝ ኖሯል፣ «ምን አገኘሽ?» አሉኝ ከኋላ።

«ምንም። ደስ ብሎኝ ነው።»

«እሱስ ከምንም ይሻላል» አሉ።

ፒስታው ግን ተቆራጭ ነው። አንዱ ቁራጭ ሲያልቅ ሌላውን ለማግኘት አስፋልቱን መሻገር ግድ ነው። የመጀመሪያው መሻገሪያ ላይ ጋሼ ወርደው ዳማን በልጓሟ ያዙ። እኔም በእግሬ እየገፋሁት ልሻገር ስል ራሴን ጠረጠርኩ፤ ጎማው አስፋልቱን ከነካ ነዳች ይባል ይሆን? ለማንኛውም ብዬ አንስቼ በደህናው ትከሻዬ ተሸከምኩት። ዳር ቆሞ ሰው የሚጠብቅ አንድ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «እቴ፣ እሱ እኮ ጎማ አለው!» ብሎ ጮኸ። ከኋላው የተሳፈሩ አንዲት ሴትዮም ሳቁ። ጋሼ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ዝም ብለሽ ተሻገሪ» አሉኝ፤ ጢማቸው ሥር ግን ሳቅ ነበር።

ምሳችንን ስንዴ የሚያጭዱ የወንፈል ሰዎች ዘንድ በላን። አልፈን ልንሄድ ብለን ነበር፤ ግን በሥራ ላይ ያለ ሰው «ቤት ለእንግዳ» ካለ ማለፍ ነውር ነው። እንጀራ በሽሮ፣ ቃሪያና ጠላ ቀረበልን። ከአጫጆቹ አንዱ ብስክሌቴን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «ድርቆሽ ካልበላ፣ ውሃ ካልጠጣ፣ በምን አንጀቱ ነው የሚሄድ?» አለ።

«በሷ አንጀት» አሉ ጋሼ።

ከምሳ በኋላ ዝም ብሎ መነሳት አልተቻለምና ጋሼ ጥቂት ስንዴ አጨዱ፣ እኔም ነዶ ተሸከምኩ። ደብረ ወርቅ የገባነው ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው። ማርያምን ከሩቅ ተሳልመን፣ ለበቅሎ ግቢ ያለው ቤት ፈልገን አደርን። ለእኔ አልጋ ከከፈልነው ለዳማ ድርቆሽ የከፈልነው በለጠ፤ ጋሼ ግን ተገቢ ነው አሉ፣ እሷ ናት የደከመች።

የታረሰው መንገድ

በሁለተኛው ቀን ከደብረ ወርቅ ወደ ፈለገ ብርሃን በሚወስደው አቅጣጫ አስፋልቱን ርቀን ወጣን። ጋሼ ከኋላዬ ሆነው መንገዱን እየመሩኝ፣ «አሁን አንድ ትልቅ ዋርካ ታያለሽ። ከሥሩ ምንጭ አለ። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ እኛ ቀኙን ነው የምንይዝ» አሉኝ። ሄድን። ዋርካ የለም። ደግሞ ሄድን። ያለው ባሕር ዛፍ ነው፤ ወደፊትም ባሕር ዛፍ፣ ወደ ጎንም ባሕር ዛፍ። በመጨረሻ መንገዱ ራሱ አንድ የጤፍ ማሳ ዳር ደርሶ ቆመ።

ጋሼ ዳማን አቁመው ማሳውን ትክ ብለው አዩት። ማሳው ዳር የነበረው ገበሬ እንደምን ዋላችሁ እያለ መጣ።

«የሞጣው መንገድ ወዴት ገባ?» አሉት።

«የበቅሎው? ኧረ ጋሼ፣ እሱን ካረስነው ቆየን።»

«እኔ በዚህ ቅቤ ጭኜ ስሄድ አንተ አልተወለድክም!»

«ልክ ነዎት» አለ ሰውዬው በትሕትና። «እኔ ስወለድ ጤፍ ሆኖ ነው የደረስኩበት።»

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ጎማዬን የማይ መሰልኩ። ገበሬው በድንበሩ ላይ አስኪዶ፣ ጅረቱን አሻግሮ፣ ሌላ ጥርጊያ አሳየን፤ ለደግነቱም የበሬውን እግር አየሁለት። ጋሼ ግን ከዚያ በኋላ ወደ ማሳው ዞረው ዞረው ያያሉ። ፊት ፊት መሄዴን ትቼ፣ መንገዱ ሰፋ ሲል ጎናቸው ሆንኩ።

«ጋሼ፣ የጠፋው እኮ መንገዱ ነው። እርስዎ አልጠፉም።»

«አይ ስመኝ» አሉ፤ ስሜን ሲጠሩ በጉዞው የመጀመሪያቸው ነበር። «መንገዱም አልጠፋ። እኛ ነን የተውነው። ሰው ሲተወው ጤፍ ይዘሩበታል።»

ማታ የምናድረው ወዳጃቸው አቶ ጓዴ ቤት ነበር። የድሮ የመንገድ ማደሪያቸው ነው፤ ቅቤ ይዘው ሲመላለሱ በሄዱ በመጡ ቁጥር እዚያ ያድራሉ። ቤቱን ያለ ስሕተት አገኙት። ከደጁ ሆነው «ጓዴ! ኧረ ጓዴ!» ብለው ተጣሩ። የወጣው ጎልማሳ ልጁ ምናለ ነው። አባቱ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል።

ጋሼ ከዳማ ወርደው፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው፣ እደጁ ላይ ቆመው ጮኸው አለቀሱ። ለቅሶ ሳይደርሱ የቀሩት ወዳጅ ነውና፣ ስንት ዓመት ያለፈው ሞት በዚያች ሰዓት እንደ አዲስ ተለቀሰ። ጎረቤት ሰምቶ መጣ፤ ምናለም አብሮ አለቀሰ። እኔም ሰውየውን ሳላውቃቸው አለቀስኩ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተን እግራችን ታጠበ፣ እራት ቀረበ፣ ጠላም መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ስለ አቶ ጓዴ ቀልድ እያወራ ይስቅ ጀመር።

«አባቴ እኮ እስከ መጨረሻው ይጠብቅዎት ነበር» አለ ምናለ። «ኮቴ በሰማ ቁጥር ‹የፈንቴ በቅሎ ናት› ይል ነበር።»

ጋሼ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «በአውቶቡስ አለፍኩ» አሉ። «ሞጣ ስንት ጊዜ ሄድኩ፣ ስንት ጊዜ ተመለስኩ። አውቶቡስ ደግሞ ለወዳጅ ብሎ አይቆምም።»

ቁልቁለቱ

ሦስተኛው ቀን የሚካኤል ዕለት ነው። ምናለ ዳቦና አሬራ ጭኖ ሸኘን። መንገዱ ጥሩ ነበር፤ ቀይ አፈር፣ ደቃቅ ጠጠር፣ ለብስክሌት የተሠራ የሚመስል። ሞጣ ቀርቧል። አስፋልቱን ስንሻገር ሁሉ ብስክሌቱን ተሸክሜ ነው፣ ነገሩ ሁሉ በእጄ ገብቷል። ከሚካኤል በኋላ በየትኞቹ ቀበሌዎች በየትኛው ጥርጊያ እንደምዞር በልቤ እየነደፍኩ ነበር።

የመጨረሻው መሻገሪያ ቁልቁለት አናት ላይ ነው። አስፋልቱ ከዚያ ተወርውሮ ወደ አንድ ጠባብ ድልድይ ይወርዳል። እኔ ብስክሌቴን ተሸክሜ ቀድሜ ተሻገርኩ። ጋሼ ጉልበታቸውን አሟቸው ነበርና በዚህ ጊዜ አልወረዱም። ዳማ መሐል አስፋልት ላይ ስትደርስ፣ ከበላያችን አንድ የጭነት መኪና ብቅ ብሎ ጥሩምባውን ለቀቀው።

ዳማ ወደፊትም ወደኋላም አላለችም፤ ቁልቁል ሸመጠጠች። ልጓሙ ከጋሼ እጅ አመለጠ። አንገቷን አቅፈው ሲንጠለጠሉ አየሁ። ከታች፣ ከድልድዩ ላይ፣ ሌላ ከባድ መኪና ወደ ላይ እየመጣ ነበር።

ስለ ግዝቱ አሰብኩ ብዬ አልዋሽም፤ ምንም አላሰብኩም። ራሴን ያገኘሁት ብስክሌቱ ላይ፣ አስፋልቱ ላይ ነው። ኮረኮንች የለመደ ጎማ አስፋልት ሲያገኝ ይበራል። ዳማን በግራዋ በኩል አለፍኳት። ፔዳሉን ስተወው የኋላ ጎማዬ ጠ-ጠ-ጠ-ጠ ማለት ጀመረ። ወደ ኋላ አየሁ፤ ጆሮዋ ወደኔ ዞሯል። ፍሬኑን በቀስታ፣ በቀስታ ያዝኩ፣ «ዳማዬ፣ ዳማዬ» እያልኩ። በአንድ እጄ ለታችኛው መኪና አውለበለብኩለት፤ ሹፌሩ አየን፣ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመልን። እኔ ስቀዘቅዝ እሷም ቀዘቀዘች። ሦስት ቀን ሙሉ የተከተለችውን ድምፅ ነው የተከተለች። ወደ ዳር፣ ወደ ጠጠሩ ወጣሁ፤ ተከትላኝ ወጣች፣ ቆመች። ጎኗ ይርገበገባል።

ጋሼ ከኮርቻው ተንሸራትተው መሬት ላይ ተቀመጡ። የላይኛው መኪና ሹፌር ፊቱ አመድ መስሎ ሮጦ መጣ፤ «አባቴ ይቅርታ፣ አባቴ ይቅርታ» አለ። ጋሼ እጃቸውን አንስተው «እግዜር ይቅር ይበልህ፣ ሂድ ልጄ» አሉትና ሸኙት። መኪኖቹ ሁሉ እስኪያልፉ መንገዱ ዳር ተቀመጥን። እኔ ውሃ አጠጣኋቸው።

«ነዳሽ» አሉ በመጨረሻ።

«ነዳሁ።»

«እታለም እናትሽ ትጠይቀኛለች።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ዋሽቼ አላውቅም።»

«ይዋሹልኝ አላልኩም» አልኩ። ልቤ ግን ብሎ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እስከ ሞጣ ድረስ ያለውን መንገድ በእግሬ እየገፋሁት ነው የሄድኩት። ከእንግዲህ የአክስቴ ልጅ ብስክሌት ነው ብዬ ተሰናብቼዋለሁ።

ምስክሩ

ሞጣ ስንገባ ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ነበር። እናቴ ከበሩ ላይ መጀመሪያ ብስክሌቱን አየች፣ ቀጥላ እኔን፣ ቀጥላ ወንድሟን። ግን አልጠየቀችም። እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ፣ እህል ሳይቀምስ አይጠየቅም። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ፣ ዶሮው ቀረበ። እኔ እንጀራዬን እየቆረስኩ መልሼ አስቀምጣለሁ። እናቴ «ብዪ እንጂ» ትለኛለች። እንደዚያ የረዘመ ግብዣ በሕይወቴ አላየሁም።

በመጨረሻ እጇን በመቀነቷ ጠረገችና፣ «ወንድምዓለም፣ እስቲ ቃልህን ስጥ» አለች። ወሬው ቀድሞ ደርሷል፤ ማኅበርተኛው ሁሉ ስለ ግዝቱ ያውቃል።

ጋሼ ተነሡ። ጋቢያቸውን ፍርድ ቤት እንደቆመ ሰው አጣፉ።

«አብሬያት ነበርኩ» አሉ። «ቤተስኪያን ስናይ ወርዳለች፣ ሽማግሌ ስናገኝ ወርዳለች። አስፋልቱን በተሻገርን ቁጥር ብስክሌቱን በትከሻዋ ተሸክማ ነው የተሻገረች። ይኼን በዓይኔ አይቻለሁ።»

የእናቴ ፊት በራ። ጋሼ ትንፋሽ ወሰዱ።

«ዛሬ ግን ነድታለች። ከቁልቁለቱ አናት እስከ ድልድዩ አጠገብ፣ መሐል አስፋልት ላይ ነድታለች።»

አባ ኪዳኑ ጽዋቸውን አስቀመጡ።

«ለምን ነዳች ብትሉኝ፣ እሱንም አልሸሽግም» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ሰለለ። «በቅሎዬ መኪና አስደንብሯት ይዛኝ ጠፋች። ባትነዳ ኖሮ ይኼ የተሰበሰበ ሰው ዛሬ ጽዋ አይጠጣም፤ እኔን ይቀብር ነበር። ያየሁት ይኼ ነው።» ብለው ተቀመጡ።

እናቴ ብድግ ብላ ወደኔ መጣች። በጥፊ የምትመታኝ መስሎኝ አንገቴን ቀበርኩ። እሷ ግን ያንን የተሰበረ ትከሻዬን በልብሴ ላይ ዳሰሰችው፣ ደህና መሆኑን እንደምታረጋግጥ። ከዚያ ሄዳ ወንድሟ ጎን ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

«አባ» አለች። «ልጄን አስገዘትኳት። መኪናው ግን በቅሎ ላይ ያለውንም አልማረ። እስቲ መኪናውን ማን ይገዝተዋል?»

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ሳቁ፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እናቴም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። አባ ኪዳኑ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና መስቀላቸውን አነሡ።

«ቃሏን አፍርሳለች፤ ነፍስ ግን አድናለች» አሉ። «ግዝቱን ፈትቻለሁ። ያለ ቀኖና ግን አልለቃትም። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል በዚያው በበቅሎ መንገድ ትመጣለች። ፈንቴም አብሯት ይመጣል።»

«አባ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አሉ ጋሼ።

«‹ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ› ብለህ ጤፍ ማሳ ውስጥ የገባኸውስ?» አሉ አባ ኪዳኑ፤ ሹክ ያልኳቸው እኔ ነበርኩ።

«አስፋልቱን ግን አልፈታሁም!» አለች እናቴ ከሳቁ በላይ።

መመለሻ

ጋሼና ዳማ ሞጣ ጥቂት ሊሰነብቱ ቀሩ። እኔ ሥራ ነበረኝና ብቻዬን ተመለስኩ። ያቺ ቁልቁለት ላይ ስደርስ ብስክሌቱን ተሸክሜ ተሻገርኩ። ምናለ ቤት ቡና ጠጣሁ፤ «ጋሼ በሚቀጥለው ኅዳር ይመጣሉ» ብዬ ስነግረው ደስ አለው። ገበሬው ጤፉን አጭዶ ጨርሶ ኖሯል፤ በተራቆተው ማሳ ላይ የድሮው መንገድ መስመር ከሩቅ ደብዝዞ ይታይ ነበር። ደብር ባየሁ ቁጥር ወረድኩ። «ተመለሽ» የሚለኝ አልነበረም፤ ግን ወረድኩ። ስወርድ ሰው አገኛለሁ፣ ሰው ሳገኝ መንገዱን አገኛለሁ። በአውቶቡስ መስኮት ስንት ጊዜ ያለፍኩት አገር ሰው እንዳለበት ያወቅሁት በዚህ ጉዞ ነው። ለፍጥነት ሲባል የተተወው ጠማማ መንገድ ይህን ሁሉ ይዞ ቆይቷል።

ቢቸና ልገባ ስል ያ የባጃጅ ሹፌር እዚያው መሻገሪያው ላይ ነበር። ብስክሌቴን ትከሻዬ ላይ አይቶ፣ «ዛሬም ሊጋልብሽ ነው?» አለኝ። «ዛሬስ ወድጄ ነው» አልኩትና ሳቅን።

ቤቴ ገብቼ ገና እግሬን ሳልታጠብ ስልኩ ጠራ። እናቴ ነበረች።

«ገባሽ?»

«ገባሁ።»

«በየት መጣሽ?»

«በበቅሎው መንገድ።»

«አስፋልቱንስ?»

«ተሸክሜ ተሻገርኩ።»

ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ። ጋሼ ሞጣ ናቸው፣ ዳማም ሞጣ ናት።

«እማዬ፣ በዚህኛው ምስክር የለኝም» አልኳት።

«ማን ምስክር ጠየቀሽ?» አለችና ስልኩን ዘጋችው።